የአያት ቤት፦ የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አረጋውያንና የአዲስ አበባ መኖሪያ ቤት ታሪክ

መግቢያ

በአማርኛችን «የአያት ልጅ» ሲባል ቅምጥል፣ የፈለገውን የማይከለከል፣ ቁጣ ሳይነካው ያደገ ማለት ነው። አነጋገሩ አያት የልጅ ልጇን ለመሳምና ለማባበል እንጂ ብቻዋን ለማሳደግ ካልተገደደችበት ዘመን የወረስነው ይመስላል። ከዚያ ወዲህ ግን ብዙ ነገር ተለውጧል። እናትና አባት በሞት፣ በስደት፣ በሕመም ወይም በችግር ምክንያት ከቤት ሲጎድሉ ሕፃኑን ተረክባ የምታበላው፣ የምታለብሰውና ትምህርት ቤት የምታደርሰው አያት በየሰፈራችን አለች።

የመጽሔታችን አዘጋጆች ስለ አዲስ አበባ መኖሪያ ቤት ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ባልደረቦቼ ስለ ግንባታ ዘዴ ወይም ስለ ቁሳቁስ ዋጋ እንደምጽፍ ሳይጠብቁ አልቀሩም። እኔ ግን ታሪኩን ከነዋሪዋ፣ ይኸውም የልጅ ልጆቿን ከምታሳድገው አያት አንጻር ለመመልከት መርጫለሁ። ቤት ስንነድፍ በሐሳባችን የምናስቀምጠው ቤተሰብ አባት፣ እናትና ልጆች ያሉበት ነው። መካከለኛው ትውልድ የጎደለበት፣ አንዲት አረጋዊትና አንድ ሕፃን ብቻ የሚኖሩበት ቤተሰብ በንድፋችን ወረቀት ላይ ቦታ አግኝቶ አላየሁም። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብም ይኸው ነው፦ አሮጌው ቤት ለዚህ ቤተሰብ ብዙ ድጋፍ ይሰጥ ነበር፤ ድጋፉን ግን ማንም አስቦ አልሰጠውም። ስለሆነም ቤቱን ስናፈርስ ከጭቃውና ከቆርቆሮው ጋር ምን እንዳፈረስን ሳናውቅ ቀረን።

ጸሐፊው ራሱ በአያት እጅ ያደገ መሆኑን ከወዲሁ መግለጽ ይገባዋል። እናቴ በ1989 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ ስሙ በማይጠራው በሽታ ስታርፍ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚያን ዕለት አንሥቶ እስከ ዩኒቨርሲቲ ያደረሱኝ አያቴ ናቸው፤ ቤታቸውም አንድ ክፍልና አንዲት ጓዳ ያለው የቀበሌ ቤት ነበር።

ግቢውና ጭቃ ቤቱ

አያት የልጅ ልጅን ማሳደጓ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በብዙ የገጠር አካባቢ ከልጅ ልጆች አንዱን በአያት ዘንድ ማኖር የቆየ ልማድ ነው። ሆኖም በዚያ ልማድ ልጁ የሚሄደው አያቱን ለመርዳት ነበር፤ ውሃ ይቀዳል፣ ከብት ይጠብቃል፣ ይላላካል፣ ማታም እሳት ዳር አጫዋች ይሆናል። ወላጆቹ በሕይወት አሉ፤ እህሉም ከእነርሱ ማሳ ይመጣል። በሌላ አነጋገር ልጁ ለአያት ጡረታ ነበር እንጂ አያት ለልጁ ጡረታ አልነበረችም። የዛሬው ችግር የጀመረው ይህ ሥርዓት በተገለበጠ ጊዜ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ሰፈሮቿ የተዘረጉት በመኳንንቱና በጦር አለቆች ግቢ ዙሪያ ነበር፤ ደጃች ውቤ ሰፈርና ራስ ካሣ ሰፈር የሚሉት ስሞች ዛሬም ይህንኑ ይመሰክራሉ። የተራው ሰው ቤት የሚሠራው በባሕር ዛፍ ነው። ምሰሶው ይተከላል፤ ማገሩ ይታሠራል፤ ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ለቀናት ከሰነበተ በኋላ ይመረጋል። ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ የቆርቆሮ ክዳን እየተስፋፋ ሄደ። የዚህ ቤት ትልቁ ጠባይ ለጥገና መሐንዲስ አለመፈለጉ ነው፤ ከዝናብ በኋላ የረገፈውን ምርጊት ሽማግሌና ልጅ ሆነው ይለጥፉታል። ሌላው ጠባዩ እንደ ቤተሰቡ ማደጉ ነው፤ ልጅ ሲጨመር ከጎኑ አንድ ክፍል ይቀጠላል፤ ልጅ አግብቶ ሲወጣ ያው ክፍል ይከራያል። በአሮጌዋ አዲስ አበባ ባሏ የሞተባት ሴት ከግቢዋ ሁለት ወይም ሦስት ክፍል አከራይታ መኖርዋ የተለመደ ነበር። ይህ የክፍል ኪራይ፣ ጡረታ ለማያውቃት ሴት፣ ጡረታዋ ነበር ማለት ይቻላል።

አዋጅ ቁጥር 47 እና የቀበሌ ቤት

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ለማድረግ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ለወጠው። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደረገ። ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ሆኑ። የዝቅተኛ ቤቶች ኪራይም ተቀነሰ።

አዋጁ ለአያቶች ያመጣውን በሚዛን ማየት ያስፈልጋል። ሁለት ሦስት ክፍል አከራይታ ትኖር የነበረችው መበለት ገቢዋ ተቋረጠ፤ አዋጁ ኪራይ ብቸኛ መተዳደሪያቸው ለነበረ ሰዎች መደጎሚያ እንዲሰጥ ቢደነግግም፣ በእጅ ያለ ክፍልና ከመንግሥት የሚጠበቅ ድጎማ አንድ አይደሉም። በተከራይነት የኖረችው ሴት በአንጻሩ አከራይ የማያስወጣት፣ ኪራዩ የማይጨምርባት ቤት አገኘች። ይህ ኪራይ ለአሠርት ዓመታት በነበረበት ቆየ።

የዋጋው አለመጨመር የራሱ መዘዝ ነበረው። ከኪራዩ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለጥገና አይበቃም፤ ነዋሪውም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ ለማፍሰስ ያመነታል። በዚህም ምክንያት ቤቶቹ አረጁ፤ ምሰሶዎቻቸው ከሥራቸው በሰበሱ፤ መጸዳጃውና ማድቤቱም ለብዙ አባወራ የጋራ ሆኖ ቀረ። የሙያ ባልደረቦቻችን ስለነዚህ ቤቶች የጻፏቸው የጥናት ወረቀቶች ይህን ጉድለት በሚገባ መዝግበዋል። ጉድለቱን አልክድም፤ በክረምት ከጣሪያችን የሚወርደውን ውሃ በሳፋ የተቀበልኩ ነኝ።

ነገር ግን መዝገቡ ያልያዘው ሌላ ወገን አለ። አንደኛ፣ ቤቱ ከመሬት ጋር እኩል ነው፤ ጉልበቷ የደከመ ሴት ያለ ረዳት ትወጣለች፣ ትገባለች። ሁለተኛ፣ በሩ የሚከፈተው ወደ ጋራ ግቢ ነው፤ አያት በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ሽሮ ስትለቅም ልጁ ከዓይንዋና ከድምፅዋ ርቆ አይሄድም፤ እርስዋ ብታሸልብ እንኳ የጎረቤት ዓይን አለ። ሦስተኛ፣ ግቢው የሥራ ቦታ ነው፤ እንጀራ ይጋገርበታል፣ ጠላ ይጠመቅበታል፣ በርበሬ ይሰጣበታል። አያቴ እኔን ያስተማሩኝ በዚያ ማድቤት በጋገሩት እንጀራ ነው። አራተኛ፣ እድሩ በአካባቢው ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በርካታ እድሮች ከቀብር ሥራ አልፈው ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናትን መርዳት የጀመሩት ማን በየትኛው ቤት ምን እንደጎደለበት ስለሚያውቁ ነበር። እነዚህን አራቱን ማንም መሐንዲስ አልነደፋቸውም። ነገር ግን አያትንና ልጅን በአንድ ጣሪያ ሥር ያቆዩት እነርሱ ናቸው።

መካከለኛው ትውልድ ሲጎድል

ያለፉት ሃምሳ ዓመታት የአገራችን ታሪክ፣ ከዚህ ጉዳይ አንጻር ሲታይ፣ መካከለኛው ትውልድ በተደጋጋሚ የጎደለበት ታሪክ ነው። የ1966ና የ1977 ዓ.ም. ረሃብ፣ በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በወጣቱ ላይ የደረሰው የቀይ ሽብር እልቂት፣ እስከ 1983 ዓ.ም. የዘለቀው ጦርነት፣ እያንዳንዱ ልጆችን ያለ ወላጅ ትቶ አልፏል። ቀጥሎም ኤች አይ ቪ መጣ። በአገራችን የቫይረሱ መኖር የታወቀው በ1976 ዓ.ም. ሲሆን የበሽታው የመጀመሪያ ታማሚዎች የተመዘገቡት በ1978 ዓ.ም. ነው። ሕይወትን የሚያራዝመው መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው ግን በ1997 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ ሁለት ዓመተ ምሕረቶች መካከል ያለፉት ወደ ሃያ የሚጠጉ ዓመታት ልጅ ቀባሪ መሆን ሲገባው አያት ልጅዋን የቀበረችባቸው፣ ከቀብር ስትመለስም የልጅዋን ልጅ እጅ ይዛ የገባችባቸው ዓመታት ናቸው።

መድኃኒቱ ከመጣ በኋላ ሞቱ ቢቀንስም የመካከለኛው ትውልድ መጉደል አልቆመም፤ መልኩን ለወጠ እንጂ። ብዙ ወጣት እናቶች በቤት ሠራተኝነት ወደ ቤይሩት፣ ወደ ኩዌት፣ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ኤምሬቶች ሲሄዱ ልጆቻቸውን የተዉት ለእናቶቻቸው ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንን በወራት ውስጥ በመለሰች ጊዜ፣ ከተመላሾቹ መካከል ልጆቻቸው «እማዬ» የሚሉት አያታቸውን ሆኖ ያገኙ እናቶች ነበሩ።

ሕጉ ለዚህ ሁሉ ባዳ አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሆነ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አያትን ያውቋታል፤ ወላጆች በሌሉ ጊዜ ሞግዚትነቱ ለአያቶች እንዲሆን፣ በአያትና በልጅ ልጅ መካከልም ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዲኖር ተደንግጓል። ሕጉ ግዴታውን ሲሰጣት ግዴታውን የምትፈጽምበትን ቤት ግን አልሰጣትም። የጡረታ ሕጋችን የሟች ተተኪ አድርጎ የሚያውቃቸው ባል ወይም ሚስትን፣ ልጆችንና ወላጆችን ነው። በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር መሥራት ለማይችሉ ችግረኞች ቀጥታ ድጋፍ መስጠቱ መልካም እርምጃ ነበር፤ ሆኖም ድጋፉ ለቀለብ እንጂ ለመጠለያ የታሰበ አልነበረም።

ወደ ላይ የተሠራው ቤት

በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም በአገራችን የግንባታ ታሪክ ታላቅ ምዕራፍ መሆኑ አያጠራጥርም። ብዙዎቻችን ሙያውን የተማርነው በዚያ ነው። በአርማታ ኮለንና ቢም፣ በብሎኬት ግድግዳ የተሠሩት ባለ አራት ፎቅ ሕንፃዎች ለብዙ ሺህ ቤተሰብ የራሱን መጸዳጃ፣ የራሱን ቧንቧ፣ የራሱን ቆጣሪ ሰጥተዋል። ከዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች መያዙም ብዙ ሴት አባወራዎችን የቤት ባለቤት አድርጓል።

በአንድ የጋራ መኖሪያ ሥራ ቦታ ጀማሪ መሐንዲስ ሆኜ ስሠራ ያጋጠመኝን ልጥቀስ። በርክክቡ ቀን አንዲት አረጋዊት ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ እጅ ይዘው፣ በሌላ እጃቸው የአራተኛ ፎቅ ቁልፍ ጨብጠው ከደረጃው ሥር ቆመው ነበር። «ልጄ፣ ይኼ ደረጃ ስንት ነው?» አሉኝ። «72 ነው፣ እማማ፤ ቀስ ብለው እያረፉ ይወጡታል» አልኳቸው። እርሳቸውም «እኔስ እንደምንም እወጣዋለሁ፤ ይህ ልጅ ከታች ሲጫወት ከዚያ ላይ ሆኜ እንዴት አድርጌ ነው የምጠራው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እኔ የቆጠርኩት ደረጃውን ነበር፤ እርሳቸው የለኩት ግን ከልጁ የሚርቁበትን ርቀት ነው።

ነገሩን በሙያችን ቋንቋ እንየው። የአንድ ፎቅ ከፍታ 3 ሜትር፣ የአንዱ ደረጃ ቁመት 17 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆን በአንድ ፎቅ 18፣ በአራት ፎቅ 72 ደረጃ ይሆናል፤ አሳንሰር የለም። ውሃ 12 ሜትር ለመውጣት ብቻ፣ በመስመር ላይ የሚባክነውን ሳይጨምር፣ 1.2 ባር ግፊት ይፈልጋል፤ ግፊቱ ሲዳከም ወይም ውሃው በፈረቃ ሲሆን በመጀመሪያ የሚደርቀው ላይኛው ቧንቧ ነው። ያን ጊዜ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ማለትም 20 ኪሎ ግራም፣ በ72 ደረጃ የሚሸከመው ማን ነው? ወይ አያት ናት፣ ወይ ልጁ ነው። አባትና እናት ያሉበት ቤት ይህን ይቋቋመዋል፤ አያትና ሕፃን ያሉበት ግን ሸክሙን የሚረከብ መካከለኛ ሰው የለውም።

የክፍሉም ጉዳይ አለ። በመጀመሪያው እቅድ ስቱዲዮ እስከ 20 ካሬ ሜትር፣ ባለ አንድ መኝታ ከ20 እስከ 30 ካሬ ሜትር ነበር። አቅሟ ለስቱዲዮ ብቻ የሚበቃ አያት ሁለት የደረሱ የልጅ ልጆች፣ አንዱ ወንድ አንዷ ሴት፣ ቢኖሯት በዚያ ስፋት ምን ታድርግ? የብድሩ ዘመን 20 ዓመት ቢሆን በ65 ዓመቷ ውል የፈረመች አያት ክፍያውን የምትጨርሰው በ85 ዓመቷ ነው። የእንጀራ ምድጃዋን ያስቀመጠችበት ግቢ ቀርቷል። ለጋራ መገልገያ የተሠራው ቤት ለልብስ ማጠቢያና ለእንጀራ መጋገሪያ ቢታሰብም ከአራተኛ ፎቅ ሲታይ ሩቅ ነው። ስለዚህ ብዙ ችግረኞች ዕጣው የደረሳቸውን ቤት አከራይተው ሌላ ቦታ መጠጋታቸው ሊያስደንቀን አይገባም።

ይሁን እንጂ ይህ አዲስ ቤት አሮጌው ያልነበረው አንድ ታላቅ ጸጋ አለው፤ ይወረሳል። በውርስ ሕጋችን መሠረት ወላጁ ቀድሞ የሞተበት ልጅ በወላጁ ምትክ የአያቱን ንብረት ይወርሳል። የቀበሌ ቤት ግን የኪራይ ውል እንጂ ንብረት አይደለም። ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። አያቴ በ2002 ዓ.ም. ሲያርፉ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ በቤቱ ውስጥ የአክስቴ ልጅ የሆነች የ12 ዓመት ልጅ ነበረች። ጉዳዩ ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ስሄድ በመዝገቡ ላይ ያለው የአያቴ ስም ብቻ ነበር። ሁለት ወር ተመላለስኩ። በመጨረሻ ቤቱ ለሌላ ችግረኛ ተሰጠ፤ የተሰጠውም ሰው በእርግጥ ችግረኛ ነበርና እርሱን አልወቅስም። እኔ የዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ነበረኝ። ልጅቷ ግን ክፍለ ሀገር ወዳለ ዘመድ ተላከች፤ ትምህርቷንም በዚያው ዓመት አቋረጠች። በአንድ ሰው ሞት ሁለት ልጆች ቤት አጡ፤ መዝገቡ ግን የሚያሳየው አንዲት አረጋዊት ተከራይ በሞት መለየቷን ብቻ ነው።

እንግዲህ ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው፦ የቀበሌው ቤት ለአያትና ለልጅ የዕለት ኑሮን ሰጥቶ ነገን ነሳቸው፤ የጋራ መኖሪያው ነገን ሰጥቶ የዕለት ኑሮን አከበደባቸው። ከልደታ ጀምሮ እስከ ቅርቡ የመሐል ከተማ መልሶ ማልማት ድረስ የፈረሱት ሰፈሮች ነዋሪዎች ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሸጋገሩ ይህን ልውውጥ ፈጽመዋል።

ከቦስተን አንድ ምሳሌ

ችግሩ የእኛ ብቻ አለመሆኑን ለማሳየትና ንድፍ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለማመልከት አንድ የውጭ ምሳሌ ላቅርብ። በአሜሪካ ከተሞች በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ኮኬይን፣ ኤድስና እስራት መካከለኛውን ትውልድ ሲያጎድሉ ብዙ ሕፃናት በአያት እጅ ወደቁ። በዚያን ጊዜ በመንግሥት ድጎማ የተሠራው የአረጋውያን መኖሪያ ሕፃናትን አይቀበልም ነበር፤ የልጅ ልጇን ያስገባች አያት ቤቷን ልታጣ ትችል ነበር። ለቤተሰብ የተሠራው ደግሞ ለአረጋዊ አካል አይመችም። በዚህ መካከል በ1998 እ.ኤ.አ. በቦስተን ከተማ ዶርቼስተር በሚባለው ሰፈር ለአያቶችና ለልጅ ልጆቻቸው ብቻ የታሰበ 26 መኖሪያዎች ያሉት ሕንፃ ተከፈተ። መኖሪያዎቹ ከሁለት እስከ አራት መኝታ ያላቸው ነበሩ፤ በመታጠቢያው ለአረጋዊ እጅ መደገፊያ፣ ለሕፃን ደኅንነት የተጠበቀ የኤሌክትሪክ ሶኬት፣ በግቢው መጫወቻ፣ በዚያው ሕንፃ የልጆች መዋያ ተዘጋጀ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2003 እ.ኤ.አ.፣ የአገሪቱ ምክር ቤት በዚህ ዓይነት መኖሪያ ላይ ሕግ አወጣ፤ በኒው ዮርክ ብሮንክስም ተመሳሳይ ሕንፃ በ2005 እ.ኤ.አ. ተከፈተ።

ከዚህ የምንማረው ገንዘባቸውን አይደለም። የምንማረው አያትንና ልጅን እንደ አንድ ቤተሰብ መቁጠር እንደሚቻል፣ ከተቆጠሩ በኋላም ንድፉ ያን ያህል አስቸጋሪ እንዳልሆነ ነው። ልብ ብለን ካየነው የቦስተኑ ሕንፃ በብዙ ወጪ የሠራው ነገር፣ ዓይን የሚደርስበት መጫወቻና የሚረዳ ጎረቤት፣ በእኛ አሮጌ ግቢ ውስጥ ነበር።

መደምደሚያ

በእኛ እጅ ያለው ሥራ ጥቂትና ግልጽ ነው። አንደኛ፣ ለመልሶ ማልማት ነዋሪ ሲመዘገብ አያትና የልጅ ልጅ ብቻ የሚኖሩበት ቤት ራሱን በቻለ ዓምድ ይቆጠር፤ ያልተቆጠረ አይነደፍለትም። ሁለተኛ፣ የምድር ወለል መኖሪያዎች፣ ቢያንስ የተወሰኑት፣ ከዕጣ በፊት ለእነዚህ ቤተሰቦች ይያዙ፤ ይህ አንድ ኩንታል ሲሚንቶ እንኳ አይጨምርም። ሦስተኛ፣ በሕንፃዎች መካከል የሚቀረው ቦታ ለመኪና ብቻ ሳይሆን አረጋውያን ተቀምጠው ልጆችን ሊያዩ እንዲችሉ፣ ከምድጃውና ከቧንቧው ጋር ተያይዞ ይነደፍ። አራተኛ፣ ሰዎች ሲዛወሩ ከእድራቸውና ከጎረቤታቸው ጋር ይዛወሩ። አምስተኛ፣ ይህ ከእኛ ሙያ ውጭ ቢሆንም፣ ቀሪ የቀበሌ ቤቶች ውል ላይ አያት የምታሳድገው ልጅ ስም አብሮ እንዲጻፍ ማኅበራችን ለሚመለከታቸው ሐሳብ ያቅርብ። አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ያች አንዲት መስመር በ2002 ዓ.ም. ብትኖር ኖሮ የአክስቴ ልጅ ትምህርቷን ባላቋረጠች ነበር።

የአያቴ ቤት የነበረበት ቦታ ዛሬ መንገድ ሆኗል። በደጃፉ አንድ ደረጃ ብቻ ነበረው፤ እርሱም ጉልበታቸው ሲደክም ዝቅ እንዲል አንድ ጎረቤት ድንጋይ ደርቦ ያስተካከለላቸው ነበር። ያ ጎረቤት መሐንዲስ አልነበረም፤ አያቴ ማን እንደሆኑና ምን እንደሚቸግራቸው ግን ያውቅ ነበር። እኛ ከእርሱ የሚበልጥ እውቀት አለን። የቀረን እርሱ ያወቀውን ማወቅ ነው።